ባልጩት ምን ይመሰክራል? የእጅ ራጅ መሣሪያና የድንጋይ ቅርሶቻችን

በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ላደገ ሰው ባልጩት እንግዳ ነገር አይደለም። እንደ ጠርሙስ የሚያብለጨልጭ፣ ሲሰበር ጠርዙ ከምላጭ የማይተናነስ ጥቁር ድንጋይ ነው። የሳይንስ ስሙ ኦብሲዲያን ይባላል። የሮማው ጸሐፊ ፕሊኒ በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን እንደጻፈው ከሆነ፣ ስሙ የመጣው ድንጋዩን "ኢትዮጵያ" ውስጥ አገኘ ከተባለ ኦብሲየስ ከሚሉት ሰው ነው። (በዚያን ዘመን ኢትዮጵያ ማለት ከግብፅ በስተደቡብ ያለው አገር ሁሉ ስለነበር ብዙም አንኩራራበት።)

ይህ ድንጋይ ለታሪክ ተመራማሪዎች የሚጠቅመው ከየት እንደመጣ ስለሚናገር ነው። ባልጩት ከእሳተ ገሞራ የወጣ ቅልጥ ዓለት ፈጥኖ ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር የተፈጥሮ መስታወት ነው። በውስጡ በጥቂቱ የሚገኙት ሩቢዲየም፣ ስትሮንቲየም፣ ይትሪየም፣ ዚርኮኒየምና ኒዮቢየም የተባሉት ንጥረ ነገሮች መጠን ከአንዱ እሳተ ገሞራ ወደ ሌላው ይለያያል፤ በአንድ ፍሰት ውስጥ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ብዙውን ጊዜ ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ መጠኑን በትክክል የለካ ሰው፣ ከዋሻ ውስጥ የተገኘ አንድ ስባሪ ከየትኛው ተራራ ተነሥቶ እንደመጣ ሊደርስበት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1964 ካንና ሬንፍሩ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በሜዲትራኒያን አካባቢ ባልጩት ላይ ይህን ካሳዩ ወዲህ ዘዴው በዓለም ዙሪያ ተሠራጭቷል።

እኛ ዘንድም ተሠርቶበታል። በአዋሽ ዳር በመልካ ቁንጥሬ የተገኙት የባልጩት መሣሪያዎች በአቅራቢያው ከሚገኘው ባልጪት ከሚባለው ሥፍራ የመጡ መሆናቸውን አጋዚ ነጋሽና አሜሪካዊው ስቲቨን ሻክሌይ ከባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 አሳትመዋል። (መልካ ቁንጥሬና ባልጪት እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍረዋል።) በዚያው በ2006 ሁለቱ ሰዎች በድሬዳዋ አቅራቢያ ከሚገኘው ከፖርክ ኤፒክ ዋሻ የተገኙ የባልጩት ስባሪዎችን መርምረው፣ ምንጫቸው አሰቦት፣ ቆኔና አያሉ መሆናቸውን አመለከቱ። ከዋሻው እስከ እነዚህ ተራሮች ያለው ርቀት ከመቶ ኪሎ ሜትር በእጅጉ ይበልጣል። በገዳሙ የምናውቀው አሰቦት፣ ገዳም ከመሆኑ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት የስለት ድንጋይ ምንጭ ነበር ማለት ነው። በባሌ ተራሮች ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ በሚገኘው ፊንጫ ሀበራ የዓለት ከለላ ከ40,000 ዓመታት በፊት ይኖሩ የነበሩ ሰዎች፣ ባልጩታቸውን 4,200 ሜትር ገደማ ላይ ከሚገኝ ሸንተረር ያመጡ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2019 ታውቋል።

አሁን ወደ ከፋ እንምጣ። ከአዲስ አበባ ወደ 450 ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው ቦንጋ ስትነሣ ብዙዎቻችን የሚታወሰን ቡና ነው፤ ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገበው የከፋ ባዮስፌር፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1897 ያበቃው የከፋ ነገሥታት ታሪክ። ከነገሥታቱ በፊት በነበሩት ሺህ ዓመታት እዚያ ማን ይኖር እንደነበር ግን በቁፋሮ መጠየቅ የተጀመረው በቅርቡ ነው። ኤልዛቤት ሂልደብራንድና ስቲቨን ብራንት የመሩት የከፋ የአርኪዮሎጂ ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በዞኑ ያሉ ዋሻዎችንና የዓለት ከለላዎችን አስሶ፣ ኩማሊና ኮካን በመሳሰሉት ላይ የሙከራ ቁፋሮ አካሄደ። ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2010 ታተመ።

የከፋን ጉዳይ ልዩ የሚያደርገው የመሬቱ አቀማመጥ ነው። በሚገባ የሚታወቁት የባልጩት ምንጮች ያሉት በስምጥ ሸለቆው ውስጥና በዳርቻው ነው። ከቦንጋ እስከ ወላይታው ዳሞታ ተራራ በቀጥታ መስመር 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ያው ስቲቨን ብራንት እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በቆፈሩት፣ በዳሞታ ተዳፋት ላይ በሚገኘው የሞቼና ቦራጎ ከለላ ውስጥ ባልጩት እንደ ልብ ነው። በዳሞታና በቦንጋ መካከል ግን የኦሞ ሸለቆና የዳውሮ ተራራማ አገር አለ። ከቦንጋ እስከ ባልጪት ደግሞ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ በከፋ ጫካ ውስጥ ካለ ዋሻ አንዲት የባልጩት ስባሪ ብትወጣ፣ ከዳሞታ አካባቢ ነው የመጣችው ወይስ ከሌላ? የሚለው ጥያቄ ተራ ጥያቄ አይደለም። መልሱ "ከዳሞታ" ከሆነ የጫካው ሰው ከስምጥ ሸለቆው ሰው ጋር ኦሞን ተሻግሮ ይገናኝ ነበር ማለት ነው፤ ድንጋይ በእግሩ አይሄድምና። መልሱ "እዚያው አቅራቢያ ካለ፣ ገና ካልተመዘገበ ምንጭ" ከሆነ ደግሞ ታሪኩ ሌላ ነው። በአንድ የመለኪያ ቁጥር ስሕተት ብቻ የአንድን ሕዝብ የሺህ ዓመት ግንኙነት መፍጠርም መሰረዝም ይቻላል።

ይህን ጥያቄ የሚመልሰው መሣሪያ ሲታይ የግድግዳ መብሻ ድሪል ይመስላል። ክብደቱ ሁለት ኪሎ አይሞላም፣ በባትሪ ይሠራል፣ ዋጋው በብዙ አሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ብሩከር፣ ኦሊምፐስ፣ ኒቶን የሚሉ ስሞች ይታወቃሉ። በማዕድን ፍለጋ፣ በብረታ ብረት ንግድና የወርቅን ንጽሕና በመለየት ሥራ ላይ ከዋለ ቆይቷል፤ ወደ አርኪዮሎጂ በስፋት የገባው እ.ኤ.አ. ከ2000 በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። በሆስፒታል "ራጅ ተነሣ" ስንባል የምናውቀው ጨረር ድንጋዩ ላይ ይለቀቃል። ጨረሩ ከአቶሙ ውስጠኛ ክፍል ኤሌክትሮን አስፈንጥሮ ያወጣል፤ የተለቀቀውን ቦታ ሌላ ኤሌክትሮን ሲሞላው አቶሙ በበኩሉ ጨረር ይተፋል። ይህ የሚተፋው ጨረር ጉልበት ለእያንዳንዱ ንጥረ ነገር የተለየ ነው። የብረት 6.4፣ የሩቢዲየም 13.4፣ የዚርኮኒየም 15.8 ገደማ ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ነው። መሣሪያው ጨረሩን ተቀብሎ "ይህን ያህል ዚርኮኒየም አለ" ይላል። ድንጋዩ አይፈጭም፣ አይቆረጥም፣ አይቀልጥም። ለቅርስ ከዚህ የተሻለ ምን ይፈለጋል?

ችግሩ የሚመጣው "ይህን ያህል" ከሚለው ላይ ነው።

መሣሪያው የሚያየው የጨረር ብዛት እንጂ የንጥረ ነገር መጠን አይደለም። የጨረሩን ብዛት ወደ መጠን የሚለውጠው ፋብሪካው የጫነበት የስሌት ቀመር ነው። ቀመሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ የተዘጋጀው ለአፈር፣ ለማዕድን ወይም ለብረት ቅይጥ ነው። ስለዚህ አንድን ድንጋይ አሥር ጊዜ ብንለካው አሥር ጊዜ ተቀራራቢ ቁጥር ይሰጠናል፤ ቁጥሩ ግን አሥሩንም ጊዜ የተሳሳተ ሊሆን ይችላል። የሕግ ሰው ስለሆንኩ ይህ ነገር ወዲያው ይገባኛል። አንድ ምስክር በፖሊስ ጣቢያ፣ በዐቃቤ ሕግ ፊትና በችሎት ያው አንድ ቃል ስለሰጠ እውነቱን ተናገረ ማለት አይደለም፤ አጥንቶት ሊሆን ይችላል። ቃሉ አለመለዋወጡ አንድ ነገር ነው፣ ቃሉ እውነት መሆኑ ሌላ። ሳይንቲስቶቹ የመጀመሪያውን ወጥነት፣ ሁለተኛውን ትክክለኛነት ብለው ይለዩታል። የመልካ ቁንጥሬንና የፖርክ ኤፒክን ባልጩት ያጠናው ሻክሌይ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ጽሑፍ በቀጥታ የጠየቀው ይህንኑ ነበር፤ በእጅ በሚያዙት መሣሪያዎች ወጥነትና ትክክለኛነት አለ ወይ? ብሎ።

ክርክሩ እ.ኤ.አ. በ2013 ጦፈ። ኤለሪ ፍራም የተባለ ተመራማሪ፣ ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ ተጨማሪ ማስተካከያ በዋለ መሣሪያ የመካከለኛው ምሥራቅን የባልጩት ስባሪዎች ለክቶ፣ ምንጫቸውን በአብዛኛው በትክክል ለመለየት መቻሉን አሳተመ። ክርክሩ ሲጨመቅ፣ የአርኪዮሎጂ ጥያቄ "ድንጋዩ ከየት መጣ?" ከሆነና መልሱ ትክክል ከሆነ፣ ቁጥሩ ሙሉ በሙሉ ትክክል ባይሆንስ ምን ቸገረን? የሚል ነው። ስፒክማንና ሻክሌይ በዚያው መጽሔት መልስ ሰጡ። በታወቀ መመዘኛ ያልተስተካከለ ቁጥር ከሌላ ሰው ቁጥር ጋር ሊነጻጸር አይችልም፤ እያንዳንዱ ተመራማሪ የራሱን ቁጥር በራሱ ጎተራ ዘግቶ የሚያስቀምጥበት ሳይንስ ይሆናል አሉ።

ሁለቱም ወገን እውነት አለው። በቁጥር እንየው። የአሜሪካ የጂኦሎጂ መሥሪያ ቤት አርጂኤም የሚባል፣ ከካሊፎርኒያ ዓለት የተዘጋጀ መመዘኛ አለው። በውስጡ ያለው ከሚሊዮን እጅ ሲሰላ ሩቢዲየም 150፣ ስትሮንቲየም 110፣ ዚርኮኒየም 220 ገደማ መሆኑ ይታወቃል። እንበልና መሣሪያችን ዚርኮኒየሙን 264 ብሎ ቢያነበው ሃያ በመቶ እያጋነነ ነው። አሁን በዚህ መሣሪያ የዳሞታን አካባቢ ምንጭና የከፋን ስባሪ ሁለቱንም ብንለካ፣ ሁለቱም እኩል ስለሚጋነኑ መመሳሰላቸው አይጠፋም። ፍራም የሚለው ይህን ነው። ነገር ግን የከፋውን ስባሪ ብቻ ለክተን፣ ሌላ ሰው ከሃያ ዓመት በፊት በቤተ ሙከራ ለክቶ ካሳተመው ሰንጠረዥ ጋር ብናስተያየው፣ እውነተኛው 1,000 የሆነው ዚርኮኒየም በእኛ ዘንድ 1,200 ሆኖ ይነበብና ከሌላ ተራራ ጋር እናዛምደዋለን። የእነ ሻክሌይ ስጋት እዚህ ላይ ነው።

እኔ ለኢትዮጵያ ሲሆን ወደ እነ ሻክሌይ አደላለሁ። በመካከለኛው ምሥራቅና በሜዲትራኒያን ምንጮቹ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ተጠንተዋል። የእኛ ስምጥ ሸለቆ ግን ከአፋር እስከ ደቡብ ድረስ በእሳተ ገሞራ የተሞላ ሆኖ፣ የምንጮቹ መዝገብ በልዩ ልዩ ቡድኖች፣ በልዩ ልዩ ዘመንና መሣሪያ ቀስ በቀስ የሚሞላ ነው። እንዲህ ያለ መዝገብ የሚጠቅመው አንዱ የጻፈውን ሌላው ሊያነበው ከቻለ ብቻ ነው።

ሌላም የራሳችን ችግር አለ። የስምጥ ሸለቆው ባልጩት ብዙው በሶዲየምና ፖታሲየም የበለጸገ፣ ባለሙያዎቹ በጣሊያኗ ደሴት በፓንቴለሪያ ስም የሚጠሩት ዓይነት ነው። በዚህ ዓይነት ባልጩት ውስጥ ያለው ዚርኮኒየም ከካሊፎርኒያው መመዘኛ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በ220 ብቻ የተፈተነ መሣሪያ 1,000ውን በትክክል ያነባል ብሎ ማመን፣ በአሥር ኪሎ ድንጋይ የተፈተነ ሚዛን ኩንታሉን ሳይሳሳት ይመዝናል እንደማለት ነው። ስለዚህ ዚርኮኒየሙ ከፍ ያለ መመዘኛም መጨመር አለበት። ሶዲየሙን ራሱን እንለካው ቢባል ደግሞ በእጅ መሣሪያ አይሆንም፤ የሚተፋው ጨረር ጉልበቱ ደካማ ስለሆነ መሣሪያው ጋ ሳይደርስ በአየሩ ውስጥ ይቀራል።

የስባሪው መጠንም ወሳኝ ነው። ከዋሻ የሚወጣው አብዛኛው ነገር ሙሉ መሣሪያ ሳይሆን ሲጠረብ የረገፈ ቅንጥብጣቢ ነው። የብረት ጨረር ከድንጋዩ የሚወጣው አንድ ሚሊ ሜትር ከማይሞላ ጥልቀት ሲሆን፣ የዚርኮኒየም ግን ከሚሊ ሜትሮች ጥልቀት ድረስ ይመጣል። ስስ ቅንጥብጣቢ ላይ የብረቱ ቁጥር ደህና ሆኖ ሳለ የዚርኮኒየሙ ይጎድላል። ከመሣሪያው መስኮት ያነሰ ስባሪ ከሆነ ደግሞ ሁሉም ይጎድላል። መፍትሔው ከአሥር ሚሊ ሜትር ስፋትና ከጥቂት ሚሊ ሜትር ውፍረት በታች በሆነው ላይ መጠኑን ትቶ፣ ጉልበታቸው የሚቀራረብ ንጥረ ነገሮችን ጥምርታ፣ ለምሳሌ ሩቢዲየም ለዚርኮኒየም፣ ማስላት ነው። ያም ቢሆን በጥንቃቄ። እንደ ከፋ ባለ ዝናባማና ቀይ አፈር በበዛበት አገር የድንጋዩ ገጽ በብረትና በማንጋኒዝ ይቀልማል፤ በውኃ በደንብ ሳይታጠብ ከተለካ መሣሪያው የሚያነበው አፈሩን ጭምር ነው።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ግን ከመሣሪያው አይመጣም። የስባሪውን ቁጥር ለኮምፒዩተር ሰጥተን "ከእነዚህ አምስት ምንጮች የትኛውን ይመስላል?" ብንለው ሁልጊዜ አንዱን ይመርጣል። ወንጀለኛው ባልቆመበት ሰልፍ ፊት ምስክሩን አቁሞ "ከእነዚህ ውስጥ አንዱን ምረጥ" እንደማለት ነው፤ ምስክሩ የሚመስለውን ይመርጣል፣ ንጹሑ ይታሰራል። ስለዚህ "ምንጩ አልታወቀም" የሚለው መልስ እንደ ውድቀት መታየት የለበትም። በተለይ በምዕራቡ በኩል ያሉ እሳተ ገሞራዊ አለቶች እንደ ስምጥ ሸለቆው በባልጩት ሰብሳቢዎች እግር ባልተዳረሱበት ሁኔታ፣ ከፋ ላይ ይህ መልስ በድፍረት መጻፍ ያለበት መልስ ነው።

ከባልጩት ውጪ ስላሉት ድንጋዮች ብዙ አልልም። ነጩ ኳርትዝ ንጹሕ ሲሊካ ለማለት ስለሚቀርብ መሣሪያው የሚለየው ነገር የለም። የእሳት ድንጋይ የሚባለው ቼርት ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ይለዋወጣል። የወፍጮ ድንጋይ የሚሠራበት ባዛልት ደግሞ በዓይን የሚታይ ቅንጣት ሲኖረው፣ ጨረሩ ያረፈበት ቅንጣት ውጤቱን ይወስነዋል። ብዙ ቦታ ላይ ለክቶ አማካይ መውሰድ ይረዳል፤ እንደ ባልጩቱ ግን ምንጩን በርግጠኝነት አያሳይም።

ታዲያ ይህ ሁሉ እንከን ካለበት ድንጋዩን ወደ ውጭ ልኮ በትልቅ ቤተ ሙከራ ማስመርመር አይሻልም ወይ? ይባላል። እዚህ ላይ ሕጉ ይመጣል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ ዐዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ከአገር የሚወጣው ለሳይንሳዊ ጥናት፣ ለባህል ልውውጥ ወይም ለኤግዚቢሽን ሲሆን ያውም በበላይ አካል ሲፈቀድ ብቻ መሆኑን ይደነግጋል። ይህ ትክክለኛ ጥበቃ ነው። በተግባር ሲታይ ግን ተመራማሪው ከብዙ መቶ ስባሪዎች ጥቂቱን መርጦ ይልካል፤ የሚመርጠውም ትልልቁንና ውቡን ነው፤ ትንንሾቹ ሳይጠየቁ ይቀራሉ። የእጅ መሣሪያው ያመጣው ዋና ለውጥ ይህ ነው። ድንጋዩ ካለበት ሳይነሣ ሁሉንም መለካት ይቻላል፤ ለእያንዳንዱ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበቃል። የናሙናው ብዛት ራሱ ማስረጃ ነው፤ በሺህ ስባሪ መካከል አንዲት የሩቅ አገር ድንጋይ መኖሯን ማወቅ የሚቻለው ሺሁ ሲለካ ነውና።

ስለዚህ መሣሪያውን መከልከልም ሆነ የሚለውን ሁሉ እንዳለ ማመን አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው በፈቃዱ ላይ ቅድመ ሁኔታ መጻፍ ነው። የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን የጥናት ፈቃድ ሲሰጥ ማንነትንና ዕቅድን ይጠይቃል። ራጅ የሚያመነጭ መሣሪያም በጨረር ጥበቃ ሕጋችን መሠረት ፈቃድ ያስፈልገዋል። በእነዚህ ላይ ሦስት ግዴታዎች ቢጨመሩ ወጪያቸው ከምንም አይቆጠርም። አንደኛው፣ ተመራማሪው የታወቁ መመዘኛዎችን፣ ዚርኮኒየሙ ከፍ ያለውን ጨምሮ፣ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ለክቶ ያነበበውን ቁጥር ከውጤቱ ጋር እንዲያስረክብ፤ ባትሪና ሙቀት ሲለዋወጡ መሣሪያው ይዋዥቃልና። ሁለተኛው፣ ቀመር ያሰላውን የመጨረሻ ቁጥር ብቻ ሳይሆን መሣሪያው የተቀበለውን ጥሬ የጨረር መዝገብ በፋይል እንዲያስቀምጥ፤ ቀመሩ ነገ ሲሻሻል የዛሬው መዝገብ እንደገና ሊሰላ ይችላልና። ፍርድ ቤት የምስክሩን ቃል እንዳለ በመዝገብ የሚያኖረው ይግባኝ ሰሚው እንዲያየው አይደለምን?

ሦስተኛው የምንጭ ናሙናዎችን ይመለከታል። ተመራማሪዎች ከእሳተ ገሞራዎቹ የሚሰበስቧቸው የባልጩት ቁራጮች ሰው ያልጠረባቸው የተፈጥሮ ድንጋዮች ናቸው። ብዙዎቹ ወደ ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች መሳቢያ ገብተው ይቀራሉ። ከእያንዳንዱ ምንጭ የእጅ መዳፍ የሚሞላ ቁራጭ፣ የተሰበሰበበት ቦታ መለኪያ ተጽፎበት፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ደግሞ ቁፋሮው በተካሄደበት ዞን እንዲቀመጥ ቢደረግ፣ መሣሪያ የያዘ ማንም ሰው ምንጩንና ስባሪውን በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ መሣሪያ ሊለካ ይችላል። ፍራምና ሻክሌይ የተከራከሩበት ልዩነት አብዛኛው በዚህ ይጠባል። በቦንጋ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ብሔራዊው የቡና ሙዚየምም አለ። የሚያስፈልገው ሃምሳ ያህል ቁራጭ ድንጋይ የሚይዝ አንድ ቁልፍ ያለው መሳቢያና የሚመዘግብ አንድ ሰው ነው።